እማዬ አልበላም ብላለች፣ ለኦፕራሲዮኗ ደግሞ አምስት ሳምንት ቀረው

ከአንዲት አንባቢ የደረሰኝ ደብዳቤ ነው፣ ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ፣ ማንነት የሚያሳውቁ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ።

«ሰላም ሲስተር፣ ዓምድሽን ሁሌ አነባለሁ፣ አንድ ቀን እኔ ጸሐፊ እሆናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላቅም። እናቴ 58 ዓመቷ ነው፣ ከደብረ ብርሃን አምጥቻት አዲስ አበባ እኔ ጋ ናት። የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው ተብለናል፣ ኦፕራሲዮኗ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ለሷ ግን የነገርናት የአንጀት ቁስለት ነው ብለን ነው፣ አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ ከሰማች በዛው ትሞታለች ስላለ። አሁን ያስጨነቀኝ ምግብ ነው። በአራት ወር ውስጥ ከ61 ኪሎ 52 ገብታለች። ዐቢይ ጾም ነው ብላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም፣ ከዛ ሻይ በዳቦ ነካ ታረጋለች፣ ማታ ሁለት ጉርሻ በልታ ሳህኑን ትገፋዋለች። ሐኪሙ ምናልባት ለጊዜው ሆድሽ ላይ ሰገራ መቀበያ ከረጢት ይደረጋል ካላት ወዲህ ደግሞ ባሰባት፣ አንድ ቀን እያባበልኳት ‹ካልበላሁ ምን ይወጣል› አለችኝ። ጎረቤት ቡና ሲጠራት አትሄድም፣ ሌሊት ስነሳ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነው ማገኛት። ወንድሜ በየቀኑ እየደወለ ስኳር ካንሰሩን ይመግበዋል፣ ወተትና ስጋ እንዳታስቀምሻት፣ የቀይ ስር ጁስ ብቻ ስጫት ይላል፣ የሆነ ዱቄትም ልኳል። አክስቴ ደግሞ ቢላ ከነካው ይበተናል፣ ጠበል ይሻላታል ትላለች። እኔ መሃል ሆኜ ላብድ ነው። እንዴት አርጌ ላብላት?»

እህቴ፣ ጥያቄሽ እንዴት አርጌ ላብላት ነው፣ መልሱን ግን ደብዳቤሽ መሃል ላይ ራስሽ ጽፈሽው አልፈሻል። «ካልበላሁ ምን ይወጣል» ብለውሻል። እኔ እዛች ጋ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። እናትሽ ስለዛ ከረጢት ሌሊት ሌሊት ተቀምጠው ሲያስቡ ሲያስቡ የራሳቸውን መፍትሄ አግኝተዋል፣ ሆዴ ባዶ ከሆነ ምንም አይወጣም፣ ምንም ካልወጣ ደግሞ ማንም አይጠየፈኝም ነው ነገሩ። ጾሙ ጥሩ መሸፈኛ ሆነላቸው፣ ጾም የያዘን ሰው ብላ ብሎ ሚያስገድድ የለማ። ስለዚ ወጥ እየቀያየርሽ ብትደክሚም አይበሉልሽም፣ አፋቸውን የዘጋው ፍርሃት ነው። ፍርሃቱን ካላወራሽው ምግቡ አይገባም፣ ምግቡ ካልገባ ደግሞ ፍርሃቱ ይብሳል፣ ምክንያቱም የተራበ ሰው ይደክማል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሁሉ ነገር ይጨልምበታል። ሁለቱን አብረን ነው ምናየው።

መጀመሪያ ግን ኪሎውን። ከ61 ወደ 52 ማለት ዘጠኝ ኪሎ ነው፣ ከነበራቸው ክብደት 15 በመቶ ገደማ ማለት ነው። በስድስት ወር ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ የቀነሰ ሰው ለኦፕራሲዮን ሲዘጋጅ ከፍተኛ የምግብ እጥረት ስጋት ያለበት ተደርጎ ነው ሚታየው፣ እናትሽ ያንን መስመር አልፈዋል። ይሄ አዲስ እውቀት አይደለም። ስተድሊ የሚባል የክሊቭላንድ ሰርጅን እ.ኤ.አ. በ1936 ለጨጓራ ቁስለት ኦፕራሲዮን የተደረጉ በሽተኞቹን ሲያያቸው ከክብደታቸው ከ20 በመቶ በላይ ቀንሰው ከገቡት ከሦስቱ አንዱ ሞቷል፣ ያን ያህል ካልቀነሱት ውስጥ ግን የሞተው 3.5 በመቶ ብቻ ነበር። ያኔ አንቲባዮቲክ እንደልብ አልነበረም፣ ማደንዘዣውም እንደዛሬው አልነበረም፣ ስለዚ ቁጥሩን ለማስደንገጥ አይደለም ያመጣሁት። ምክንያቱ ግን ዛሬም ያው ነው። አንጀት ተቆርጦ ሲገጣጠም ስፌቱ ሚይዘው ሰውነት ውስጥ ፕሮቲን ሲኖር ነው፣ ካልተገኘ ሰውነት የራሱን ጡንቻ መብላት ይጀምራል፣ ቁስሉ ይዘገያል፣ ኢንፌክሽን ይገባል፣ ስፌቱም ሊያፈስ ይችላል። ኢስፔን የሚባለው የአውሮፓ የክሊኒካል ኑትሪሽን ማኅበር በጣም የተጎዳ በሽተኛ ከሆነ የካንሰር ኦፕራሲዮን እንኳን ቢሆን ከ7 እስከ 14 ቀን ዘግይቶ መጀመሪያ ይመገብ ነው ሚለው። እናንተ አምስት ሳምንት አላችሁ። ብዙ ሰው ይሄን ጊዜ ወረፋ እየጠበቅን ነው ብሎ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፣ እኔን በጣም ሚያበሳጨኝ ነገር እሱ ነው፣ ምክንያቱም ከኦፕራሲዮኑ እኩል ሚቆጠር ሥራ ሚሠራበት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ምስጢሩ። ወንድምሽ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ርቆ ያለ ሰው ጭንቀቱ በትዕዛዝ ነው ሚወጣው። ግን እናትሽ አያውቁም ብላችሁ ታስባላችሁ? ተመላልሰው ሚታዩበትን ክፍል፣ ወረፋ ላይ አጠገባቸው የተቀመጡትን ፀጉራቸው ያለቀ ሴቶች፣ እናንተ በር ዘግታችሁ ምታወሩትን ሁሉ ያያሉ። እኔ ሰርጂካል ዋርድ 14 ዓመት ሰርቻለሁ። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ የአንዲት እናት ግሉኮስ ልቀይር ስጠጋ እጄን ያዝ አርገው «ሲስተር፣ ካንሰር መሆኑን አውቄያለሁ፣ ልጆቼ ግን እንዳይሰሙ አደራ፣ አይችሉትም» አሉኝ። ልጃቸው በዛኑ ቀን ጠዋት ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ «እሷ እንዳትሰማ አደራ» ብሎኛል። አንድ ቤት ሆነው ሁለቱም ለየብቻ እያለቀሱ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ነበር። ትራሳቸውን ላስተካክል ስል ከስሩ ልጃቸው በምሳ ዕቃ ያመጣላቸው ፍትፍት በወረቀት ተጠቅልሎ አገኘሁ፣ በላሁ ብለው ሸኝተውት ነበር። ያን ወረቀት እስካሁን አልረሳውም።

እና ምን ትያለሽ? ካንሰር ነው ብለሽ ድንገት አትዘርግፊው። መጀመሪያ ጠይቂ። ሰው በሌለበት፣ ፀጉራቸውን እየሠራሽም ይሁን እግራቸውን እያጠብሽ፣ «እማዬ፣ አንቺ ራስሽ በሽታው ምን ይመስልሻል?» በያቸው። ዝም ካሉ ዝም በይ፣ አትሙይው ዝምታውን። ከዛ «የበለጠ ማወቅ ትፈልጊያለሽ ወይስ ዶክተሩ ለኔ ይንገረኝ?» በይ። አንዳንድ ሰው እውነት አልፈልግም ይላል፣ ያም መብታቸው ነው፣ አትግፊ። ልወቅ ካሉ ግን ሐኪሙ አንቺ ባለሽበት ይንገራቸው፣ አንቺም አስቀድመሽ «የኦፕራሲዮኑ ዓላማ ሙሉ ለሙሉ ማውጣት ነው ወይ» ብለሽ ጠይቀሽ ግቢ፣ መልሱ አዎ ከሆነ እናትሽ ከሚሰሙት ቃል ሁሉ መጀመሪያ እሱ ይሁን። ደግሞስ የኦፕራሲዮን ፈቃድ ፎርሙ ላይ ሚፈርሙት እሳቸው ናቸው፣ ምን ላይ እንደሚፈርሙ ሳያውቁ እንዴት ይሆናል።

ከረጢቱን ደግሞ አንድ ቀን ራሱን ችሎ አውሩት፣ ምክንያቱም የምግቡ ቁልፍ እዛ ነው ያለው። ልንገርሽ፣ አንቺም እንድትነግሪያቸው። ሐኪሞቹ ከሆድ ላይ ትንሽ የአንጀት አፍ ያወጣሉ፣ እንደ ከንፈር ውስጥ ቀይና እርጥብ ነው፣ ሲነካ ህመም አይሰማውም። ከረጢቱ እላዩ ላይ ይጣበቃል፣ በደንብ ከተለጠፈ ሽታ አያወጣም፣ በልብስ ስር አይታይም። ለጊዜው ነው የተባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከተወሰኑ ወራት በኋላ፣ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ካለ ካለቀ በኋላ፣ ተመልሶ ሚዘጋ ነው። አለመብላት አያስቀረውም፣ አንጀት ባዶም ሆኖ ፈሳሽ ያመነጫል፣ ያልበላ ሰው ላይ ደግሞ ቁስሉ ስለማይድን መዝጊያው ጊዜ ነው ሚርቀው። ይቺን በደንብ ንገሪያቸው፣ የሰላ አእምሮ ያላቸው ሴት ይመስሉኛል፣ ሂሳቡ ይገባቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ሚያልፈው አለ። ከረጢቱ ሚሆንበት ቦታ ከኦፕራሲዮኑ በፊት በሽተኛው ቆሞም ተቀምጦም ታይቶ በእስክሪብቶ ምልክት እንዲደረግበት ጠይቂ። እናትሽ መቀነት ይታጠቃሉ አይደል? ታጥቀው ይሂዱ፣ መቀነቱ የት ላይ እንደሚያርፍ ሐኪሙ ይይ። ካልታየ ከረጢቱ ልክ መታጠቂያው ላይ ይመጣና ሁሌ ሲላቀቅ፣ ሲያፈስ ይኖራሉ። ከረጢቱ ከየት እንደሚገኝ፣ ስንት ብር እንደሆነ፣ በሳምንት ስንት እንደሚያስፈልግም አሁኑኑ አጣሪ። ወንድምሽ መላክ ከፈለገ ይሄን ይላክ፣ ከዱቄቱ አሥር እጥፍ ይጠቅማል። ቤተክርስቲያን መግባቱ፣ መቁረቡ አስጨንቋቸው ሊሆን ይችላል፣ አፍ አውጥተው ባይነግሩሽም። እሱን እኔም አንቺም አንመልሰውም፣ የንስሐ አባታቸውን ቤት ጥሪያቸው።

የንስሐ አባት ካልኩ ጾሙንም በዛው አስጨርሺ። ቤተክርስቲያናችን በሽተኛን ጹም ብላ አታስገድድም፣ ግን ይሄን ከአንቺ አፍ ሲሰሙት ልጅ ለእናቷ ብላ የተናገረችው ነው ሚመስላቸው፣ ከአባታቸው አፍ ሲሰሙት ግን ሸክሙ ይወርዳል። ካህኑን ቀድመሽ አግኚያቸውና ኦፕራሲዮኑ መቼ እንደሆነ፣ ስንት ኪሎ እንደቀነሱ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ ንገሪያቸው። ለአክስትሽም ይሄው መንገድ ነው፣ ጠበሉን ተዉ አትበይ፣ ሕክምናውን አቋርጠው ምግብ ትተው እዛ መክረሙ ግን ይቅር፣ ቤት መጥቶም ይጠጣል። ቢላ ከነካው ይበተናል ሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፣ ብዙ ሰው ወደ ሐኪም ሚሄደው በጣም ዘግይቶ ስለሆነ ሆዱ ሲከፈት በሽታው ቀድሞ ተሰራጭቶ ይገኛል፣ ከዛ ሰውየው ሲያርፍ ቢላው ነው የበተነው ይባላል። ቢላው ግን በሽታውን አገኘው እንጂ አልዘራውም። ለትልቁ አንጀት ካንሰር ዋናው ሕክምና ማውጣቱ ነው።

እሺ፣ አሁን ማጀት እንግባ። 52 ኪሎ ለሆነ ሰው በቀን በግምት ከ1300 እስከ 1560 ካሎሪ ያስፈልጋል፣ ፕሮቲን ደግሞ ከ62 እስከ 78 ግራም፣ ለአንድ ኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ተብሎ ነው ሚታሰበው። ብዙ ይመስላል፣ ግን ተመልከቺ፣ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት 8፣ አንድ እፍኝ ለውዝ 7፣ አንድ ኩባያ ሙሉ የበሰለ ምስር 18 ገደማ። ሦስት እንቁላል፣ ሦስት ብርጭቆ ወተት ወይ እርጎ፣ እፍኝ ለውዝ፣ ኩባያ ምስር ካልሽ ከ60 አለፍሽ፣ እንጀራውና ገንፎው ገና ሳይቆጠር። አባታቸው ፈቅደው እሳቸው ግን በጾሙ ልቤ አይፈቅድም ካሉ ደግሞ አትጣዪ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ለውዝ፣ ሱፍ፣ አኩሪ አተር አለ፣ ብቻ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ ይቅር፣ እሱን ተደራደሪ።

አቀራረቡ ላይ ብዙ እናቶች ያስተማሩኝን ልንገርሽ። ትሪ ሙሉ አታቅርቢ፣ የምግብ ፍላጎት የጠፋበት ሰው ትሪ ሲያይ ነው ሚጠግበው። የቡና ሲኒ ማስቀመጫ በምታህል ሳህን አርጊው፣ በየሁለት ሰዓቱ፣ ሦስት አራት ጉርሻ። «ምን ልሥራልሽ?» ብለሽ አትጠይቂ፣ መልሱ «ምንም» ነው፣ ዝም ብለሽ ሠርተሽ አስቀምጪና አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ አንቺም ብይ። አጥሚቱን በውኃ ሳይሆን በወተት ሥሪው፣ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ጨምሪበት። ገንፎው ላይ ቅቤ ሳትሳሺ። ጠዋት ላይ ፍላጎቱ ይሻላል ብዙ ጊዜ፣ ስለዚ ዋናውን ያኔ አስገቢ። አፋቸው ብረት ብረት ካላቸው ሎሚ ጠብ ማድረግ ይረዳል፣ የወጥ ሽታ ካስጠላቸው ቀዝቀዝ ያለ እርጎ ይሻላል። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር አታርጊ፣ የምግቡን አይረን እንዳይገባ ይይዛል፣ ከበሉ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይጠጡ። የአንጀት ካንሰር ያለበት ሰው ሳይታወቀው ደም ስለሚፈሰው ደም ማነስ የተለመደ ነው፣ ሄሞግሎቢናቸው ስንት እንደሆነ ጠይቂ፣ ዝቅ ካለ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይታከማል። ያ ሁሉ ድካም ከፊሉ ከሱ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛ፣ እጢው አንጀቱን አጥብቦት ከሆነ ሐኪሙን ጠይቂና ጥሬ አትክልት፣ ጎመን፣ ከነልጣጩ ያለ ባቄላና ሽምብራ ቀንሺ፣ ለስለስ ያለ ነገር ይሻላል፣ ምስሩንም ክክ አርጊው። ሆዳቸው ከተነፋ፣ ቁርጠት ከመጣ፣ ካስመለሳቸው፣ ጋዝም ሰገራም አልወጣ ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዛው ሰዓት ድንገተኛ ውሰጃቸው። ሁለተኛ፣ አምስት ቀንና ከዛ በላይ ምንም ማለት ይቻላል ሳይቀምሱ ቆይተው ከሆነ ባንዴ አታጥግቢያቸው፣ ረጅም ጊዜ ባዶ የቆየ ሰውነት ላይ ምግብ በብዛት ሲገባ የደም ንጥረ ነገሮች ይዛባሉ፣ አደገኛ ነው፣ ሐኪሙ ደም አይቶ ቀስ በቀስ ይጀመራል። ያቺን ሁለት ጉርሻ ማታ ማታ እየበሉ ከሆነ ግን በቀስታ መጨመር ትችያለሽ፣ ይሄንንም ለሐኪሙ ንገሪ።

የወንድምሽን ስኳር ነገር በአጭሩ ልዝጋው። ዋርበርግ የሚባል ጀርመናዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የካንሰር ሴሎች ግሉኮስ በብዛት እንደሚጠቀሙ አይቷል፣ እውነት ነው። ግን አንጎላችንም ልባችንም ግሉኮስ ይጠቀማሉ፣ ካልበላሽም ጉበት ራሱ ከጡንቻ እየቆረሰ ይሠራዋል። ስኳር በመከልከል እጢውን ማስራብ አይቻልም፣ ሚራበው ሰውየው ነው። ስኳር በሽታ ካለባቸው ሌላ ጉዳይ ነው፣ ከሌለ ግን አጥሚታቸው ላይ ማር ቢገባ ምንም የለውም። ቀይ ስር ጁስ መጥፎ ነገር አይደለም፣ ግን ሆድ ይሞላል ፕሮቲን የለውም፣ ትንሽ ለሚበላ ሰው ቦታ ይይዛል። ዱቄቱን ከነዕቃው ይዘሽ ለሐኪሙ አሳዪ፣ ጂንሰንግ፣ ጂንኮ፣ የነጭ ሽንኩርት ክኒን ምናምን ካለበት ደም ሊያቀጥን ስለሚችል ከኦፕራሲዮን በፊት ይቆማል። ሽፈራውም ሆነ ሌላ ቤት ምትሰጧቸው ቅጠል ካለ ማደንዘዣ ለሚሰጣቸው ባለሙያ ሳትደብቁ ተናገሩ።

አሁን ስለ ሌሊቱ መቀመጥ። ቡና አለመሄድ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ምንም አለማስደሰት፣ ሸክም ሆንኩባችሁ ማለት፣ ይሄ ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ ከቆየ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት፣ ካንሰር ስላለባቸው ማዘናቸው የት ይቀራል ተብሎ ሚታለፍ ነገር አይደለም። ኪሎ መቀነስና ድካም ከካንሰሩም ከድባቴውም ሊመጣ ስለሚችል ሐኪሞችም ያልፉታል፣ ስለዚ አንቺ ነሽ ምትናገሪው፣ «እናቴ አታወራም፣ አትተኛም፣ ቡና እንኳን ትታለች» በይ። እንዲያዩዋቸው ወደ ሳይካትሪ ላኩን ብለሽ ጠይቂ፣ ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ አለ፣ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልም አለ፣ ማበድ ማለት አይደለም። አሁን ነው መጀመር ያለበት፣ የድባቴ መድኃኒት ለውጡ ሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ። ከመድኃኒቶቹ እንደ ሚርታዛፒን ያሉት እንቅልፍም የምግብ ፍላጎትም ይጨምራሉ። አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ሆድ ያደርቃል፣ ስለዚ አንጀታቸው ጠቦ ከሆነ ለሐኪሞቹ አስታውሺ፣ ትራማዶልም ለህመም ከሆነ ያው ነው። ህመም ካላቸው ግን ይታከም፣ የታመመ ሰው አይበላም አይተኛም። የጀመሩትን መድኃኒት ለኦፕራሲዮን ተብሎ በራሳችሁ አታቁሙ፣ ባለሙያው ይወስን።

አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፣ አትሽሺው። «እማዬ፣ መሞት ይሻለኛል ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብለሽ ጠይቂ። መጠየቅ ሀሳቡን አያስገባም፣ ያለበትን ሰው ግን ያሳርፈዋል። አዎ ካሉና ራሳቸውን ሊጎዱ ያሰቡ ከመሰለሽ ብቻቸውን አትተያቸው፣ በዛው ቀን ሆስፒታል።

እና ደግሞ «አይዞሽ»ን ቀንሺ። ቃሉን እወደዋለሁ፣ ግን አስተውለሽ ከሆነ ሰው ሊያለቅስ ሲል ነው ምንለው፣ ከዛ ንግግሩ ያልቃል። እናትሽ «ፈራሁ» ካሉ «ምኑ ነው ሚያስፈራሽ?» በይና ያውሩት። ያልቅሱ። አንድ ሙሉ እንባ ከወጣ በኋላ ሰው ሲርበው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጎረቤት ቡና ካልሄዱ ቡናውን አንቺ ጋ አፍዪና ሚወዷቸውን አንዷን ጎረቤት ብቻ ጥሪ፣ ስለ በሽታ ምታወራ ሳትሆን ስለ ጠጅ አጣጣልና ስለ ሰፈር ምታጫውት። ቁርሱ ላይ ቆሎ ብቻ ሳይሆን ለውዝም ይኑር፣ ሲጫወቱ እጃቸው ይሄዳል።

ይራመዱም። ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት የትልቁ አንጀት ካንሰር ኦፕራሲዮን ሚጠብቁ 77 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ከኦፕራሲዮኑ አራት ሳምንት በፊት ጀምረው እንቅስቃሴ፣ ፕሮቲንና ጭንቀት ማስታገሻ ልምምድ አብረው ሲያደርጉ ሌሎቹ ያንኑ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ጀመሩ። ከኦፕራሲዮኑ 8 ሳምንት በኋላ ወደ ድሮ የመራመድ አቅማቸው የተመለሱት በፊት ከጀመሩት 84 በመቶ፣ በኋላ ከጀመሩት 62 በመቶ ነበሩ። ጂም አያስፈልግም። መጀመሪያ ቀን ከበሩ እስከ ሱቁ፣ በማግስቱ ትንሽ ጨምሮ፣ በሳምንቱ እስከ ቤተክርስቲያን አጸድ። ከወንበር ሳይደገፉ አምስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ማታ ደግሞ ቀስ ብሎ በአፍንጫ አስገብቶ በአፍ ማውጣት፣ ያ ትንፋሽ ከኦፕራሲዮን በኋላ ለሳንባቸውም ይጠቅማል።

የዋዜማውን ነገር ደግሞ አስቀድመሽ ጠይቂ። ብዙ ሰው ከምሽት ጀምሮ ውኃ እንኳን ሳይቀምስ ነው ሚገባው፣ አሁን ያለው የማደንዘዣ መመሪያ ግን ቀለል ያለ ምግብ ማደንዘዣው ሊሰጥ 6 ሰዓት እስኪቀረው፣ ውኃና ወተት የሌለው ሻይ ደግሞ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይቻላል ነው ሚለው። አንጀታቸው ከጠበበ ወይ ማጠቢያ መድኃኒት ከታዘዘ ይለያል፣ ስለዚ የሆስፒታላችሁን ባለሙያ ሰምታችሁ አድርጉ፣ ብቻ በግምት አትጹሙ።

አንቺስ? ሌሊት ስነሳ ነው ማገኛት ብለሻል፣ አንቺም አትተኚም ማለት ነው። አክስትሽን ከክርክሩ አውጥተሽ ሥራ ስጫት፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት እሷ ትደር። ወንድምሽን ደግሞ ቀጣዩ ቀጠሮ ላይ በስልክ ስፒከር አርገሽ አስገቢው፣ ስኳሩንም፣ ንገሯት አትንገሯትንም ራሱ ሐኪሙን ይጠይቅ፣ እናትሽ ፈቅደው ከሆነ። አንድ ትንሽ ደብተር ግዢ፣ በየሳምንቱ እሁድ ጠዋት ከመብላታቸው በፊት በዛው ሚዛን ኪሎአቸውን ጻፊ፣ ከጎኑ ስንት እንቁላል፣ ስንት ብርጭቆ፣ ስንት ሰዓት እንደተኙ። 52 ላይ እንኳን ቢቆም ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ሳምንት ሞክረሽ አሁንም ከቀነሰ ደብተሩን ይዘሽ ሂጂና በቱቦ ወይ በሌላ መንገድ ምግብ ይሰጣቸው ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ሰርጅኑም ቀኑን አብሮ ይወስን።

ዛሬ ማታ ግን ስለ ምግብ ምንም አታንሺባቸው። እግራቸውን በሞቀ ውኃ እጠቢና ስለ ከረጢቱ ምን እንዳሰቡ ጠይቂያቸው፣ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።